ከአገጭ እስከ አፍንጫ

ላ ኤንሴናዳ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ
ኖቬምበር 14 ቀን 1983

ለወንድሜ ለኔሬዮ ፓውሊኖ
ፑዌርቶ ኦንዶ፣ ፖርቶ ሪኮ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልትረዳልኝ ይገባል። የቤዝቦል ቡድናችን ሸርጣኖቹ የሚሸነፉት መምታት አቅቷቸው አይደለም። የሚሸነፉት ጨዋታ የሚከፍቱት አራቱ ወርዋሪዎቻችን ከሦስተኛው ዙር ስለማያልፉ ነው። ይህን ሳትይዝ የቀረውን ብታነብ ነገሩ ስለማይገባህ ከሰላምታዬ በፊት አስቀደምኩት።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። የአልታግራሲያዋ እመቤታችን አንተንም ባለቤትህንም ልጆችህንም በጤና ታቆይልኝ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሞላኝ። በሙታን ቀን የእናትህን መቃብር ኖራ ቀብቼዋለሁ፤ አያቶቻችን እህትማማቾች ናቸውና እንደ ግዴታ ነው የማየው። ቀብሯ ላይ ስላልነበርክ ሰው ይጠይቀኛል፤ ሥራ ይበዛበታል እላለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። እስከ ትናንት አሥራ አራት ጨዋታ አድርገናል። አሥራ አንዱን ተሸንፈናል። ከፋቹ ወርዋሪ አምስት ዙር የጨረሰው በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። የሚገርመው አወዳደቃቸው ነው። የተጋጣሚው ዘጠኝ መቺዎች አንድ ጊዜ እስኪዳረሱ ድረስ ወርዋሪዎቻችን ጥሩ ናቸው። ሁለተኛው ተራ ሲመጣ ግን መቺው ኳሱ ገና ከእጃቸው ሳይወጣ ምን ኳስ እንደሆነ የነገሩት ይመስላል። ዶኛ ኡርሱላ፣ ያቺ ጥብስ ሊጥ የምትሸጠው፣ እሁድ ዕለት ባልዲዋን አስቀምጣ፣ "ቱልዮ! ልጁን አውጣልን፤ እናቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፣ ሰው አይደለህም?" ብላ ጮኸች። ቱልዮ አልሰማትም። አራተኛው ዙር ላይ ዘጠኝ ለአንድ ሆነ።

ቱልዮ ብሪቶን ታውቀዋለህ። አንተ ስትመታ እሱ ይወረውር ነበር። አሁን አሠልጣኛችን ነው። እኔ ደግሞ ከ1952 ጀምሮ አንዲት ኳስ ሳላስቀር እንደምመዘግብ ታውቃለህ፤ ፈጣኑን በሰማያዊ እርሳስ፣ ታጣፊውን በቀይ። የወርዋሪዎቹን ችግር በዚህ ደብተር ደረስኩበትና በአሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ወሰድኩለት። የተጫዋቾቹ አጥር አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እያየ ተቀበለኝ።

"ይሄ ምንድነው መምህር? የቤት ሥራ ሰጠኸኝ?"

"ወርዋሪዎችህ የሚወድቁበት ምክንያት ነው። አንብበው።"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ በዕድሜህ ወርውረህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ኧረ ታውቃለህ! ጠመኔ! ያውም የሰው ልጅ ጭንቅላት ላይ!"

ሰዉ ሳቀ። ከላይ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ከበሮውን ሁለቴ ደለቁለት። እሱም አሥራ አንዱን ገጽ አጥፎ ፊቱን ያራግብበት ጀመር። ይህም አልበቃውም። በተከታዩ እሁድ ስመጣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት፣ ከተቀባዩ ጀርባ ያለው ወንበር ተነስቷል። የሊጉ መዝጋቢነቴን በ1974 ባስረክብም ያን ወንበር የነካብኝ አልነበረም። ዘበኛው፣ "ታዝዤ ነው መምህር፤ ፀሐይ ወገን ቦታ አለልዎት" አለኝ፤ ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም።

አሁን የምጽፍልህ ከፀሐይ ወገን ነው።

በጃንዋሪ የእናንተ ቡድን ቀዛፊዎችና የእኛ ሸርጣኖች ለዋንጫው አራት ጨዋታ ያደርጋሉ። ዘንድሮ ተራው የፑዌርቶ ኦንዶ ነው። ልማዱን አልረሳኸውም፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫውን የተነጠቀ አሠልጣኝ ሜዳው መሃል ቆሞ ቆቡን ለክለቡ ፕሬዚዳንት አስረክቦ ይሰናበታል። ቱልዮ ሁለት ጊዜ ተነጥቋል። ሦስተኛውን እኔ እጨምርለታለሁ። አንተ የቀዛፊዎቹን መቺዎች ታሠለጥናለህ፤ እኔ ደግሞ መቺዎችህ ቢያውቁት የፊት ጥርሳቸውን የሚሰጡበት ነገር አውቃለሁ። በ1961 ከሺህ ሙከራ በአማካይ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ የመታህ ሰው ስለሆንክ የመቺ ዓይን ምን እንደሚፈልግ ለአንተ አላስተምርም።

ትፈልገው እንደሆነ ንገረኝ።

ሊዮንሲዮ ማርቴ

*

ፑዌርቶ ኦንዶ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1983

ለተከበሩ ጋሼ ሊዮንሲዮ ማርቴ

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይዳብስልዎት። ባለቤቴ ሰላም ብላለች። ስለ እናቴ መቃብር ውለታዎን የምመልስበት ቀን አይጠፋም።

እኛ ደህና ነን። ጠዋት ጠዋት በመርከብ ማደሻው የቀለም መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሰዓት ከመቺዎቹ ጋር ነኝ። አንዱ ልጅ ኳስ ብቻ ነው የማይመታው እንጂ አየሩን፣ አቧራውን፣ አንድ ቀን ደግሞ የራሱን ቁርጭምጭሚት መትቷል። "አሠልጣኝ፣ ኳሷ ትጠላኛለች" ይለኛል። "አታውቅህም እንዴት ትጠላሃለች?" አልኩት። እንግዲህ የያዝኩት እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቱልዮ በእርስዎ ላይ ያደረገው ነውር ነው። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ፀሐይ ላይ!

ግን ጋሼ፣ እርስዎ ዙሪያ ጥምጥም የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። "አንድ ነገር አውቃለሁ" ማለት ምን ማለት ነው? የምን ምልክት ነው? የትኛው ወርዋሪ ላይ ነው? ልክ ለተማሪ እንደሚያስረዱት አድርገው፣ ከነስማቸው ይጻፉልኝ። ከቻሉ በራስዎ የእጅ ጽሑፍ ይሁን፤ የታይፕ ፊደል ዓይኔን ያመኛል። ከታችም ይፈርሙበት፤ መቺዎቼ ከማን እንደመጣ ካላዩ አያምኑኝም።

አክባሪዎ፣ ኔሬዮ

*

ላ ኤንሴናዳ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1983

ለወንድሜ ለኔሬዮ

የጌታን ልደት በሰላም አሳልፍ፤ የቤትህ በረከት አይጉደል። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። እንዳልከው በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ከታች ፈርሜበታለሁ። የምጽፈውን ሁሉ ሁለት ቅጂ የማድረግ ልማድ ስላለኝ አንዱ እኔ ዘንድ ይቀራል፤ ያልተነበበልህ ቃል ካለ ጠይቀኝ።

ቱልዮ በወርዋሪነቱ ዘመን ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ሁለት እጁን ጓንቱ ውስጥ አጋጥሞ ወደ ፊቱ ያነሳ ነበር። ሰው "የቱልዮ ጸሎት" ይለው ነበር። በዚህ ጸሎት ስለሚኮራ አራቱንም ከፋቾች ያንኑ አስተምሯቸዋል። ሌላ አቋቋም የነበረውን ሁሉ አስጥሎታል። በአንድ ሰው ኩራት አራት ሰው አንድ ዓይነት ሆነ፤ ስህተቱም አንድ ዓይነት ሆነ።

ስህተቱ ይህ ነው። ፈጣን ኳስ ሊወረውሩ ሲሉ ጣታቸው ኳሱን ወዲያው ስለሚያገኘው ጓንቱ አገጫቸው ላይ ይቆማል። ታጣፊውን ሊወረውሩ ሲሉ ግን ጣታቸው ስፌቱን ጓንቱ ውስጥ መፈለግ አለበት። በዚያች ቅጽበት ጓንቱ እስከ አፍንጫቸው ይወጣል። አገጭ ከሆነ ፈጣን ነው፤ አፍንጫ ከሆነ ታጣፊ። ስድስት መቶ አርባ ኳስ ቆጥሬ የተሳሳትኩት በሃያ ሦስቱ ብቻ ነው። የአገራችን መቺዎች ኳሱን የሚለዩት አስተውለው ሳይሆን በደመ ነፍስ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለተኛውን ተራ የሚጠብቁት። አንተ ግን ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ልትነግራቸው ትችላለህ።

ወርዋሪዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ግራኙ ኢሲድሮ ፖላንኮ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሎራ፣ አራተኛው አማብሌ ኬሳዳ።

ስለ አማብሌ ጥቂት ልጨምር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። በስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ አስተምሬዋለሁ፤ ሲያካፍል ምላሱን ያወጣ ነበር። ከአራቱ የተሻለው እሱ ነው፤ ስህተቱም በእሱ ላይ ትንሽ ነው፣ የአንድ ጣት ያህል። ያለፈው እሁድ አምስት ዙር የጨረሰው እሱ ነው። ወንበሬ በነበረበት ቦታ የቱልዮ አማች ቆሞ፣ "እሱ ነው ልጅ! የአሠልጣኙን ጸሎት እንዴት እንደያዛት እዩት!" ሲል ከፀሐይ ወገን ድረስ ተሰማኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ይህን ደብዳቤ በልቤ ጻፍኩት።

ቱልዮ ቆቡን አውልቆ መላጣው ሲታይ በሬዲዮ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው። ሌላ አልፈልግም።

ሊዮንሲዮ ማርቴ

*

ፑዌርቶ ኦንዶ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1983

ለተከበሩ ጋሼ ሊዮንሲዮ

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልዎት። ጽሑፍዎ እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። ያልተነበበኝ ቃል የለም።

ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አማብሌ በየትኛው ቀን ነው የሚከፍተው? ከሰሜን አሜሪካ ሁለት ተጫዋች መልማዮች እሱን ሊያዩ እዚህ ድረስ ይመጣሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

ኔሬዮ

*

ላ ኤንሴናዳ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1984

ለወንድሜ ለኔሬዮ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት። ፖስታው ስለማይደርስልኝ ይህን የሚያቀብልህ የቡድናችን ዕቃ ጠባቂ ነው፤ የዘመድ ሰላምታ ነው ብዬዋለሁ። ይህን ስጽፍ እፍረት የተሰማኝ መሆኑን አልደብቅህም።

አማብሌ የሚከፍተው ቅዳሜ፣ በእመቤታችን በዓል ቀን ነው። የመልማዮቹ መምጣት እውነት ነው። "ሦስት ዙር ነጥብ ሳይቆጠርብህ አሳየን፤ ከዚያ እንፈራረማለን" ብለውታል። ለእናቱ የሚሠራውን ቤት ስፋት በእርምጃ ሲለካ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህ ነው። ሐሙስን፣ ዓርብንና እሁድን ውሰድ። ሦስቱ ለዋንጫው ይበቃሉ፤ ቱልዮንም ይጨርሱታል። ቅዳሜን ተውልኝ። ቅዳሜ ለመቺዎችህ ምንም አትንገራቸው።

ይህን እንደምታደርግልኝ በአንድ መስመር አረጋግጥልኝ።

ሊዮንሲዮ ማርቴ

*

ፑዌርቶ ኦንዶ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1984

ሊዮንሲዮ፣

ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አልልህም።

በሬዲዮ እንደሰማህ አውቃለሁ፤ ሬዲዮ የማያሳየውን ልንገርህ። ሐሙስ ፖላንኮ በሁለተኛው ዙር ወጣ። ዓርብ ትልቁ ሎራ አንድ መቺ ብቻ አውጥቶ አለቀሰ፤ ሜዳ ላይ፣ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ። ቅዳሜ ልጁ መጣ። ያ "ኳሷ ትጠላኛለች" የሚለኝ መቺዬ የመጀመሪያዋን ታጣፊ ከአጥሩ ውጪ ላካት። ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲሮጥ፣ "ትወደኛለች! ትወደኛለች!" እያለ ይጮህ ነበር። ሰባት ነጥብ በሁለት ዙር። መልማዮቹ ከእኔ ጀርባ ነበሩ። አንደኛው የብዕሩን ክዳን ሲከድን ሰማሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

እሁድ ቱልዮ ቆቡን አስረከበ። መላጣው ቀልቷል። የፈለግከውን ሰጠሁህ። ያልፈለግከውንም ሰጠሁህ።

ለምን ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ወይም አትጠይቅም፤ አንተ ጠይቀህ አታውቅም። እኔው ልንገርህ። ኦክቶበር 1961፣ የመጨረሻው ጨዋታ፣ ስምንተኛው ዙር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የመታኋት ኳስ የተከላካዩን ጓንት አልፋ ሄደች። አንተ ከተቀባዩ ጀርባ፣ ከዚያ ከምታለቅስለት ወንበር ላይ ሆነህ፣ የእኔ ምት ሳይሆን የተከላካዩ ስህተት ነው ብለህ ጻፍክ። ያን ዓመት ከጥግ ቆሞ ያየኝ የነበረው የአሜሪካ መልማይ፣ "ከሺህ ሦስት መቶ ካለፍክ መርከቡ ላይ ነህ" ብሎኝ ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ምት በመቶ ዘጠና ሰባት ሙከራ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። አንተው በደብዳቤህ፣ እንደ ማዕረግ ስም ጠራህልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የቀለም ጣሳ ስሸከም ያን ቁጥር ረስቼ የዋልኩበት ቀን የለም። ለዚህ ነው ላ ኤንሴናዳን ያልረገጥኩት። ለዚህ ነው እናቴን ያልቀበርኩት። የዚያን ጨዋታ ዕለት ምሽት ቤትህ መጥቼ ነበር። "ኔሬዮ፣ ለዘመድ ብዬ ቁጥር አላጣምምም" አልከኝና ሾርባህን መብላት ቀጠልክ።

አሁን አንተ ቁጥር አጣመምክ። ለወንበር ብለህ።

ሦስት ደብዳቤ በእጄ አለ፤ በአንተ ጽሑፍ፣ በአንተ ፊርማ። የላ ኤንሴናዳ ሬዲዮ የስፖርት ሰዓት አዘጋጁ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ሊጉ ማርች 15 ዓመታዊ ስብሰባውን ያደርጋል። በዚያ ቀን የ1961ን መዝገብ ታርማለህ፤ ስልሳኛውን ምት ትጽፍልኛለህ። ካልጻፍክ በማግስቱ ደብዳቤዎቹ ይነበባሉ። ከዚያ ፀሐይ ወገንም ቦታ አይኖርህም።

ኔሬዮ ፓውሊኖ

*

ላ ኤንሴናዳ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1984

ለኔሬዮ ፓውሊኖ

ጤና ለአንተና ለቤትህ። ፖስታው ስለማይደርስልን ይህን በመርከብ ሠራተኛ እጅ ልኬዋለሁ። ወንድሜ ልበልህ አልበልህ አልወሰንኩም፤ ስለዚህ በስምህ ጠራሁህ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ቅጂዎቼን ይዤ በረዶ ፋብሪካው ሄድኩ። አማብሌ የጨዋታው ወቅት ስላለቀ አሁን እዚያ ይሠራል። በመንጠቆ በረዶ እየጎተተ ወደ ጋሪው ሲያወጣ አገኘሁት።

"መምህር! ምን እግር ጣለዎት?"

"የማነብልህ ነገር አለ። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።"

"ፈተና ነው?"

"ነው። ተፈታኙ ግን እኔ ነኝ።"

ሦስቱንም ደብዳቤ ከሰላምታቸው እስከ ፊርማቸው አነበብኩለት። ምላሱን አውጥቶ ያካፍል ነበር የምለውን ጭምር። በረዶው እግሩ ሥር እየቀለጠ ጫማዬን አራሰው። ስጨርስ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

"ቅዳሜን ተው ብለውት ነበር ማለት ነው?"

"ብዬው ነበር።"

"ለሌባ ቁልፍ ሰጥተው፣ ሳሎኑን ብቻ ዝረፍ፣ ጓዳ እንዳትገባ ይሉታል? እርስዎ? ሒሳብ አስተማሪው?"

ቅጂዎቹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

"ሽማግሌ ባይሆኑ..." አለና መንጠቆውን በረዶው ላይ ሰካው። ከዚያ፣ "እሺ፣ ጓንቴን የት ልያዝ?" አለኝ። ወገቡ ላይ እንዲይዘው፣ ጣቱም ስፌቱን እዚያው እንዲፈልግ አሳየሁት። አላመሰገነኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ዳር ሲለማመድ ከሩቅ አየዋለሁ፤ ጓንቱ ከወገቡ አይነሳም። መልማዮቹ ይመለሱ አይመለሱ የሚያውቅ የለም።

ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ሄድኩ። ለጓደኛህ፣ "ኔሬዮ ሊልክልህ ያሰበውን እኔ አምጥቼልሃለሁ" አልኩት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በስፖርት ሰዓቱ ሦስቱንም በራሴ ድምፅ አነበብኩ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ስለዚህ የምታስፈራራበት ነገር የለህም፤ ወረቀቶቹን ለፈለግከው ነገር ተጠቀምባቸው።

የሆነውን እንድታውቀው እጽፍልሃለሁ፤ ልታዝንልኝ ብዬ አይደለም። የአማብሌ እናት በሯን ዘግታብኛለች። ዶኛ ኡርሱላ ባልዲዋ ሞልቶ ሳለ፣ "ለአንተ አልቋል፤ ነገም አልቋል" አለችኝ። የትናንት ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ባለ ጢም የሆኑት፣ ሳልፍ አገጫቸውን ከዚያ አፍንጫቸውን ይነካሉ። ቱልዮ ብሪቶ ደግሞ ወንበር ስለሌለው ፀሐይ ወገን፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ባለፈው እሁድ የአማተሮቹን ጨዋታ እያየን ድንገት ዞር አለ።

"አገጭና አፍንጫ ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"በእኔ ዘመንም?"

"በአንተ ዘመንም። ደብተሩ አለ።"

ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። ይህን ለማየት ነበር ሁሉን ያቃጠልኩት። ደስታው ሁለት ዙር እንኳ አልቆየልኝም።

አሁን ወደ አንተ ኳስ። የ1961ን ደብተር አውጥቼ ስምንተኛውን ዙር አየሁ። በእጄ የጻፍኩት "ስህተት" አለ። ማስታወሻ የለውም። እኔ ማስታወሻ ሳልጽፍ የማልፈው እርግጠኛ ስሆን ነው። ቢሆንም ተከላካዩን ጋቢኖን ፈልጌ ሄድኩ። አሁን በገበያው መውጫ ጎማ ይጠግናል።

"ያቺን ኳስ ታስታውሳታለህ?" አልኩት።

"እንዴት እረሳታለሁ? ጠጠር መትታ ነጠረች። በጆሮዬ ሥር ነው ያለፈችው። መልአክም አይይዛት።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ጠይቆኝ?" አለኝ። "ስሜ ላይ ስህተት ስትጽፍ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። እኔም እኮ በዚያች ስህተት ተሰድቤባታለሁ።"

ኳስ ጠጠር መትቶ ከነጠረ ምት እንጂ ስህተት አይደለም፤ ደንቡ ግልጽ ነው። ከተቀመጥኩበት ጠጠሩ አልታየኝም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። በዚያ ምሽት ቁጥር አላጣምምም ስልህ ቁጥሩ ቀድሞ ተጣምሞ ነበር፤ ያጣመምኩትም እኔ ነኝ። ስልሳ በመቶ ዘጠና ሰባት ሦስት መቶ አምስት ነው። የአንተ ነው። ይህን የምጽፈው ስለዛትክብኝ እንዳልሆነ ከላይ ካነበብከው ትረዳለህ።

የእርማቱን ቅጽ ሞልቼዋለሁ። ግን የሊጉን ደንብ አንቀጽ ሃያ ሰባት ማወቅ አለብህ። የቆየ መዝገብ የሚታረመው በሦስት ፊርማ ነው፤ በመዝጋቢው፣ በመቺው፣ እንዲሁም ዛሬ በቡድኑ ውስጥ በሚጫወት አንድ ምስክር። ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአካል ተገኝተው ይፈርማሉ። በፖስታ የመጣ ፊርማ አይቀበሉም። በስብሰባው ቀን ካልታረመ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ያለፈው መዝገብ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ስለሚዘጋ የ1961 ዓመት ለዘለዓለም እንደተጻፈ ይቀራል።

ምስክር እንዲሆኑ ተጫዋቾቹን ጠየቅኋቸው። ማንም ለእኔ ጉዳይ እጁን ሊያነሳ አልፈለገም። ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። አማብሌ ነበር።

"እኔ እፈርማለሁ" አለ። "ሰውየውን በቅርብ ማየት እፈልጋለሁ።"

አልከለከልኩትም። ልከለክለውም አልሞከርኩም፤ የበቀል ስሜት አልነበረብህም ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ ነበረብኝ እልሃለሁ። እኔ የእሱን ዓይን በረዶው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን ተራው የአንተ ነው።

ስብሰባው ማርች 15፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በክለቡ አዳራሽ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ነው። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ፤ አንተና አማብሌ ፊት ለፊት ትሆናላችሁ። ብዕር አንድ ብቻ ነው የሚቀርበው፤ እሱ ከፈረመ በኋላ ለአንተ የሚያቀብልህ በእጁ ነው።

ከፑዌርቶ ኦንዶ መርከቡ ማርች 13 ይነሳል። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ሰበብ አትጻፍልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። ለኮሚቴው ስምህን የማስመዘግበው እስከ ማርች 9 ነውና ይህን አንብበህ እንደጨረስክ፣ ዛሬውኑ መልስህን በቴሌግራም ላክልኝ።

ሊዮንሲዮ ማርቴ